ክለብ ከመፍረሱ በፊት ደጋፊው ይጠየቅ

ለኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን
ለኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ አክሲዮን ማኅበር
የእግር ኳስ ክለብ ለሚያስተዳድሩ የከተማ አስተዳደሮችና የልማት ድርጅቶች

ጉዳዩ፦ በገንዘብ እጦት ስለሚፈርሱ ክለቦችና ስለ ደጋፊዎቻቸው መብት

የተከበራችሁ የሥራ ኃላፊዎች፣

በአገራችን ክለብ ሲወርድ ደጋፊው ያዝናል፣ ይቆጣል፣ ከዚያ ለቀጣዩ ዓመት ይዘጋጃል። ክለብ ደመወዝ መክፈል አቅቶት ሲበተን ግን የሚዘጋጅለት ቀጣይ ዓመት አይኖርም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ይህ ሁለተኛው ነገር ሲደጋገም እንደ ተራ የውድድር ውጤት ተቆጥሮ ስለሚታለፍ ነው። ትናንሽ ክለቦቻችን የሚጠፉት ከተሞቻቸው ድሃ ስለሆኑ ብቻ አይመስለኝም። የሚጠፉት ሕልውናቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የአንድ ዓመት ውሳኔ ላይ ስለተንጠለጠለና ያ ውሳኔ ሲሰጥ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደጋፊ በስብሰባው ላይ ወንበር ስለሌለው ነው። ይህ አሠራር እንዲለወጥ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን እንይ። የወንዶች ቡድኑ በ2009 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ማብቂያ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ፤ ብዙም ሳይቆይ እንዲፈርስ ተወሰነ። ባለቤቱ የአገሪቱ ትልቁ ባንክ ነው፤ ገንዘብ አጥቶ ነው ሊባል አይችልም። ከዓመታት በኋላ ቡድኑ እንደገና ተቋቋመ፣ ከታችኛው ሊግ አደገ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። ዋንጫው ለተጫዋቾቹና ለአሠልጣኞቹ ክብር ነው፤ የሚገባቸውንም አገኙ። ነገር ግን ታሪኩን ከደጋፊ ወገን ሆኖ ለሚያነብ ሰው አንድ ነገር ግልጽ ይሆናል፤ ክለቡ የሞተውም የተነሣውም በቢሮ ውሳኔ ነው፣ በመካከል ባለፉት ዓመታትም ለደጋፊው የተጠየቀ ጥያቄ አልነበረም። ካዝናው የሞላ ድርጅት ቡድን ይህ ከገጠመው፣ በጀቱ ለመንገድና ለጤና ጣቢያ የማይበቃ የከተማ አስተዳደር የሚያስተዳድረው ክለብ ምን ዋስትና አለው?

ጅማ አባ ጅፋር ፕሪምየር ሊጉን በተቀላቀለበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ ሻምፒዮን ሆነ። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የካይሮውን አል አህሊን በአገር ቤት 1 ለ 0 አሸነፈ፤ በድምር ውጤት ቢወድቅም በአህጉሪቱ ስሙ የገነነውን ክለብ ያሸነፈ ቡድን ነው። ከሻምፒዮንነቱ አራት ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከሊጉ ወረደ። ደደቢት በ2005 ዓ.ም. ዋንጫ ወሰደ፣ በ2011 ዓ.ም. ወረደ። ከእነርሱ በፊት የነበሩት የፋብሪካ ክለቦችም አሉ። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ክለብ በ1950ዎቹ ከአንድ ጊዜ በላይ የአገሪቱ ሻምፒዮን ነበር። ሙገር ሲሚንቶ፣ መተሐራ ስኳርና ሐረር ቢራ በፕሪምየር ሊጉ የተጫወቱ ስሞች ናቸው። ዛሬ የሃያ ዓመት ወጣት እነዚህን ስሞች የሚያውቃቸው ከአባቱ ሰምቶ ነው። እያንዳንዱ የወረደበት ምክንያት የተለያየ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ሰበብ አላጠቃልልም። የሚያመሳስላቸው ከወረዱ በኋላ የሚይዛቸው ነገር አለመኖሩ ነው። ቡድኑን ያቆመው ድርጅት ወይም አስተዳደር ፊቱን ሲያዞር፣ ክለቡ የራሱ የሆነ ሜዳ፣ የራሱ የሆነ ገቢ፣ የራሱ የሆነ አባል አልነበረውም።

የገንዘቡ አካሄድ እንዴት እንደሆነ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ ቢሆንም ደጋፊው የሚያየውን ላስቀምጥ። የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይገባል። በሐምሌና በነሐሴ የዝውውር ሩጫ ነው፤ ክለቡ ገና በእጁ ያልገባውን ገንዘብ ተማምኖ ተጫዋች ያስፈርማል። ሊጉ ሲጀመር ደመወዝ ይከፈላል፣ ጥር ላይ ይዘገያል፣ መጋቢት ላይ ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል። በዚህ መካከል ከንቲባ ከተቀየረ አዲሱ ሰው የቀድሞውን ቃል የመፈጸም ግዴታ አይሰማውም። ተጫዋቾች ልምምድ ማቆማቸውን በስፖርት ዜና እንሰማለን። በፊፋ ደንብ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች ለክለቡ የአስራ አምስት ቀን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን በሕጋዊ ምክንያት ማፍረስ ይችላል። መብቱ ነው፤ ቤተሰብ አለው። ክለቡ ግን ያን ዕለት ያለውን ብቸኛ ሀብት ያጣል። ስታዲየሙ የከተማው ነው፤ አውቶቡሱ ብዙ ጊዜ የአስተዳደሩ ነው፤ ተጫዋቹ ሄደ። በዓመት የወጣው ብር ሁሉ በደመወዝና በፊርማ ገንዘብ ስላለቀ፣ ከሰኔ በኋላ በክለቡ ስም የሚቀር አንድ የታዳጊዎች ሜዳ እንኳ አይገኝም።

ክለቦች የራሳቸውን ገቢ ያግኙ የሚለው ምክር ትክክል ነው፤ ነገር ግን ገቢ የሚገኝባቸው በሮች አንድ በአንድ ሲዘጉ ማየት ያስፈልጋል። የቢራ ፋብሪካዎች ለእግር ኳሳችን ዋነኛ ስፖንሰሮች ነበሩ። በ2011 ዓ.ም. የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ በአዋጅ ተከለከለ። ለኅብረተሰቡ ጤና የተወሰደ እርምጃ ነው፣ አልቃወመውም፤ ለትናንሽ ክለቦች ግን ምትክ አልተፈለገላቸውም። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የጀመረው የሱፐርስፖርት የአምስት ዓመት የቴሌቪዥን ስርጭት ስምምነት ጠቅላላ ዋጋው 68 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ ሲነገር ሰምተናል። በአገራችን እግር ኳስ ታሪክ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ አክሲዮን ማኅበሩም ሊመሰገን ይገባዋል። ጥያቄዬ ያ ገንዘብ በሊጉ ውስጥ ላሉት ሲከፋፈል ከሊጉ ለወረደው ክለብ የመጀመሪያውን አስቸጋሪ ዓመት የሚያሻግር ድርሻ ለምን እንዳልተመደበ ነው። የክለብ ወጪ በአንድ ክረምት አይቀንስም፤ የሁለት ዓመት ውል ያላቸው ተጫዋቾች አሉ። ገቢው ግን በአንድ ቀን ይቆማል።

ሦስተኛው በር የሜዳ መግቢያ ነው፤ በእኔ እምነት ከፍተኛው ጉዳት የደረሰውም እዚህ ላይ ነው። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የፕሪምየር ሊጉ ጨዋታዎች በተመረጡ ጥቂት ከተሞች እየተዘዋወሩ ሲካሄዱ ቆይተዋል። መጀመሪያ ምክንያቱ ኮሮና ነበር፤ ቀጥሎ የሜዳዎች ደረጃ፣ የቴሌቪዥን ቀረጻ ምቾትና ጸጥታ ተጠቀሱ። እነዚህ ምክንያቶች እውነት ናቸው። ውጤታቸውም እውነት ነው። የአርባ ምንጭ ወይም የወላይታ ሶዶ ደጋፊ ክለቡን በሜዳው የማየት ዕድሉ ተነጠቀ። ክለቡ ደግሞ ለወራት በሌላ ከተማ ሆቴል አልጋ ይዞ፣ ምግብ ገዝቶ፣ የልምምድ ሜዳ ተከራይቶ ይኖራል። በሜዳው ቢጫወት ከትኬት ሊያገኝ የሚችለውን አያገኝም፤ በሜዳው ቢጫወት የማያወጣውን ያወጣል። አክሲዮን ማኅበሩ በሊጉ መዋቅር ላይ ሲወያይ ይህ ወጪ በትናንሾቹ ክለቦች ሒሳብ ላይ ምን ያህል እንደከበደ ተሰልቶ ለሕዝብ ቢቀርብ፣ ክርክሩ በቁጥር ላይ ይቆም ነበር።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ደጋፊው ያጣውን ነገር በብር መተመን ከባድ ነው፤ የሚተመነው ግን ጥቂት አይደለም። በጨዋታ ቀን ማሊያና ስካርፍ የሚሸጠው ወጣት፣ በስታዲየሙ ዙሪያ ሻይና ቆሎ የምታቀርበው እናት፣ ከአጎራባች ወረዳ ሰው የሚያመላልሰው ሚኒባስ፣ ጨዋታው ሲያልቅ የሚሞላው ምግብ ቤት ሁሉም በዚያ ሜዳ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ ከተማው ራሱን የሚያይበት ነገር ይጠፋል። ወላይታ ድቻ በ2010 ዓ.ም. በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ የካይሮውን ዘማሌክን በመለያ ምት ከውድድር ሲያስወጣ፣ የሶዶ ስም በካይሮ ተጠርቷል። ያን ደስታ ለአንድ ከተማ ሕዝብ በሌላ በጀት ገዝቶ መስጠት አይቻልም። በአዲስ አበባ ያለ ሰው አንድ ክለብ ቢፈርስ ሌላ ክለብ በአቅራቢያው ያገኛል። በትንሽ ከተማ ያለው ደጋፊ ግን የከተማው ክለብ ከጠፋ የቀረው የእንግሊዝ ሊግ የሚታይበት የዲኤስቲቪ ቤት ነው። ልጆቹ የሚወዱት ማሊያ የአርሰናልና የማንችስተር ይሆናል። ይህን እንደ ጥፋት አላየውም፤ ሰው የሚወደውን ይውደድ። ነገር ግን በቴሌቪዥን የሚያየውን ልጅ ወደ ሜዳ የሚያወጣው በሰፈሩ ያለ ታዳጊ ቡድን ነው፤ ዋናው ክለብ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚበተነውም ያ ታዳጊ ቡድን ነው።

በአንዳንድ ከተሞች ሠራተኛው ከደመወዙ በየወሩ ለክለቡ ያዋጣል። ነጋዴው በቴሌቶን ይጠራል። የደጋፊዎች ማኅበር መታወቂያ ሸጦ ገቢ ያስገባል። ይህ ሁሉ ሰው ክለቡ ሲዘጋ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚያሳይ ሪፖርት አይደርሰውም። አዋጣ ሲባል ባለቤት ነህ ይባላል፤ ክለቡ ይፍረስ ወይስ ይቆይ ሲባል ባለቤትነቱ ይረሳል። ደጋፊውን በጥልቅ ያስቀየመው ይህ ነው፤ ሌላ ጊዜ ለመልካም ዓላማ ሲጠራም እጁን የሚሰበስበው ስለዚህ ነው።

ከመንግሥት ወገን የሚነሳው ጠንካራ መከራከሪያ ይታወቃል። ውኃ በሳምንት አንድ ቀን በሚመጣበት ከተማ የሕዝብ ገንዘብ ለተጫዋች ፊርማ ለምን ይወጣል? ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ደጋፊም ውኃ ይጠጣል። እኔም የከተማ በጀት ያለ ገደብ ወደ ዝውውር ገበያ ይግባ አልልም። ነገር ግን ዛሬ እየሆነ ያለው ገንዘቡን ከመከልከልም ያለ ገደብ ከመስጠትም የከፋ ነው፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ግን የሚቀር ነገር ሳይገነባ ይወጣል፣ ከዚያ በድንገት ይቆማል። አንድ አስተዳደር ለክለቡ የሚሰጠውን ድጋፍ በሦስትና በአራት ዓመት ወስኖ፣ በየዓመቱ እየቀነሰ፣ ከፊሉን በግድ ለታዳጊዎችና ለሜዳ ቢያደርገው፣ የሚያወጣው ብር ያንሳል፣ የሚቀረው ነገር ይበዛል። ለውኃ የሚቆረቆር የምክር ቤት አባልም ለክለብ የሚቆረቆር ደጋፊም በዚህ ሊስማሙ ይችላሉ።

ሌላው መልስ የደመወዝ ጣሪያ ነው። በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተጫዋች ወርኃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ሲወሰን፣ ብዙዎቻችን ቢያንስ ወጪው ይረጋጋል ብለን ነበር። ጣሪያው ግን በተግባር አልጸናም። ደመወዙ በወረቀት ላይ በጣሪያው ሥር ሲሆን ልዩነቱ በሌላ መንገድ እንደሚከፈል ሲነገር ቆየ። አክሲዮን ማኅበሩ ከዚያ ወዲህ የክለቦችን ወጪ በመመሪያ ለመቆጣጠር መሞከሩ መልካም እርምጃ ነው፤ ጥብቅ ክትትል ካለው ውጤት ያመጣል ብዬ አምናለሁ። ሆኖም የወጪ ጣሪያ የሚመልሰው ትልቁ ክለብ ምን ያህል ያውጣ የሚለውን ነው። የትንሹ ክለብ ችግር የተስማማበትን አነስተኛ ደመወዝ እንኳ እስከ ሰኔ ድረስ የሚከፍልበት የተረጋገጠ ገንዘብ አለመኖሩ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሚቀርብ ዋስትና ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የክለብ ፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት የፋይናንስ መስፈርትን ከአምስቱ ምድቦች አንዱ አድርጎ አስቀምጧል። መስፈርቱ በአህጉራዊ ውድድር ለሚሳተፉት ብቻ ሳይሆን ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ እስካለው ከፍተኛ ሊግ ድረስ በእውነት ቢተገበር ግማሹ ችግር ከምንጩ ይታያል።

በሦስተኛ ደረጃ ደጋፊ ስሜታዊ ነው፣ ክለብ ማስተዳደር አይችልም የሚል አስተያየት በአመራሮች ዘንድ አለ። በሜዳዎቻችን የታየውን ረብሻ ማንም አይክድም። ግን የአገራችንን ታሪክ እንመልከት። በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተው ቅዱስ ጊዮርጊስ በጣሊያን ወረራ፣ በንጉሡ ዘመን፣ በደርግና ከዚያ በኋላ ሳይጠፋ የቆየው ከጀርባው ደጋፊ ስለነበረ ነው። ኢትዮጵያ ቡና ዋንጫ ባላገኘባቸው ረጅም ዓመታት ስታዲየም ሲሞላ የኖረው በደጋፊው ነው። ሁለቱም የገንዘብ ችግር አይገጥማቸውም ማለቴ አይደለም፤ ሲገጥማቸው ግን የሚጠሩት ሕዝብ አላቸው። አንድ ባለሥልጣን ቢነሳ ሁለቱን በደብዳቤ ሊያፈርሳቸው እንደማይችል ሁላችንም እናውቃለን።

ከውጭም የምንማረው አለ። የእንግሊዙ ቤሪ እ.ኤ.አ. በ1885 የተመሠረተ፣ የኤፍ ኤ ዋንጫን በ1900 እና በ1903 ያነሣ ክለብ ነበር። አንድ ነጋዴ በአንድ ፓውንድ ከገዛው በኋላ፣ ዕዳውን ለመክፈል የሚያስችል ማረጋገጫ ማቅረብ ባለመቻሉ በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ከሊጉ ተሰረዘ። በእንግሊዝ ገንዘብ ሞልቶ በተረፈበት ዘመን ይህ መሆኑ አገሩን አስደነገጠ። ደጋፊዎቹ ግን አልተበተኑም፤ ሜዳቸውን ጊግ ሌንን መልሰው በእጃቸው አስገቡ፣ ቡድናቸውንም ከታችኛው እርከን ጀምሮ ወደ ሜዳው መለሱት። አገሪቱ ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. ነፃ የእግር ኳስ ተቆጣጣሪ የሚያቋቁም ሕግ አወጣች። በሕጉ ክለቦች ፈቃድ ለማግኘት የገንዘብ አቅማቸውን ማሳየት፣ በዋና ዋና ጉዳዮች ላይም ደጋፊዎችን ማማከር ይኖርባቸዋል። በጀርመን ደግሞ የአባላት ማኅበሩ በክለቡ ውስጥ ከግማሽ በላይ ድምፅ እንዲይዝ የሚያስገድደው ደንብ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። እንደ እነርሱ ሀብታም እንሁን አላልኩም። ለደጋፊ ድምፅ መስጠት ሀብት አይጠይቅም።

ስለዚህ ፌዴሬሽኑ በፕሪምየር ሊግና በከፍተኛ ሊግ ለሚመዘገብ ማንኛውም ክለብ የውድድር ዘመኑን ደመወዝ የሚሸፍን የተረጋገጠ በጀት ወይም የባንክ ዋስትና ከዝውውር መስኮቱ በፊት እንዲያቀርብ እንዲያስገድድ፣ ያላቀረበ ክለብም አዲስ ተጫዋች እንዳያስፈርም እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። ይህ ትንሹን ክለብ ይጎዳል የሚል ስጋት ይኖራል። በመጀመሪያው ዓመት ሊከብደው ይችላል፤ አሥራ አምስት ወጣቶች ይዞ በአቅሙ የሚወዳደር ክለብ ግን ሠላሳ ተጫዋች አስፈርሞ መጋቢት ላይ ከሚበተን ክለብ ለደጋፊው ይሻለዋል። አክሲዮን ማኅበሩ በሚቀጥሉት የቴሌቪዥንና የስፖንሰር ስምምነቶች ውስጥ ለወራጆች የመሸጋገሪያ ድርሻ እንዲመድብ፣ ከሜዳ ውጪ የሚደረገው ረጅም ቆይታ የሚያስከትለውን ወጪ አጥንቶ እንዲያሳውቅ፣ ሜዳቸው አነስተኛውን ደረጃ ላሟላ ከተሞችም ክለቦቻቸው በሜዳቸው የሚጫወቱበትን የጊዜ ሰሌዳ እንዲያወጣ እለምናለሁ። ለመጀመር ሁሉም ጨዋታ ይመለስ አልልም፤ በየዓመቱ ጥቂት የሜዳ ጨዋታዎች እንኳ ትልቅ ለውጥ ናቸው።

ለከተማ አስተዳደሮችና ለድርጅቶች ያለኝ ጥያቄ ሦስት ነገር ነው። የክለባችሁን የዓመት ገቢና ወጪ በግልጽ አሳውቁ፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና ሕዝብ ይየው። ክለብ ለመዝጋት የምትገደዱ ከሆነም ቢያንስ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ቀደም ብላችሁ አስታውቁ፣ በሕግ የተመዘገበ የደጋፊዎች ማኅበር ካለም ክለቡን ከነስሙ፣ ከነቀለሙና ከነታዳጊ ቡድኑ በታችኛው ሊግ ለመረከብ የመጀመሪያ ዕድል ስጡት። ደጋፊው ሊረከበው አልቻለም እንኳ ቢባል፣ ይህ የሚታወቀው ተጠይቆ ሲመልስ ነው። በክለቡ ቦርድ ውስጥ ደጋፊዎች በመረጡት ተወካይ የተያዘ፣ ድምፅ ያለው መቀመጫ እንዲኖር ብትፈቅዱ ደግሞ ክፉው ቀን ሳይመጣ ብዙ ነገር በጊዜ ይታወቃል።

ይህ ሁሉ በአንድ ዓመት እንደማይሠራ አውቃለሁ። የክለብ ምዝገባ ደንብን ማሻሻልና የመዝጊያ ማስታወቂያ ጊዜን መወሰን ግን የሚቀጥለው የዝውውር መስኮት ከመከፈቱ በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ሊቀርቡ የሚችሉ ጉዳዮች ናቸው። ፌዴሬሽኑና አክሲዮን ማኅበሩ የደጋፊ ማኅበራት ተወካዮችን ጠርተው በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ላይ የምክክር መድረክ እንዲያዘጋጁና ውሳኔያቸውን በጽሑፍ ለሕዝብ እንዲያሳውቁ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ምላሻችሁንም በተስፋ እጠብቃለሁ።

ከከበረ ሰላምታ ጋር፣
አንድ የአገር ውስጥ እግር ኳስ ደጋፊ